ማይክሮፎን ለሚመኙ የዲያስፖራ ልጆች፣ ከጅማ

በውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ ከጅማ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሰሞኑን ከእናንተ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። "ልጄ ኮሌጅ ገብታለች፤ ቴሌቪዥን ላይ ካልሠራሁ ብላ ድርቅ ብላለች፤ ምን ትላለህ?" ይሉኛል ወላጆች። ልጆቹም በድምፅ መልእክት ይጠይቁኛል። እኔ የሬዲዮ ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ጅማ ነው። ከዚያ ውጭ አገር ዜና ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠራሁ። አሁን ተመልሼ ወጣቶችን አሠለጥናለሁ። ለሁላችሁም በአንድ ላይ ብመልስ ይሻላል።

ከወላጆች ልጀምር። ፍርሃታችሁ ይገባኛል። የጀማሪ ጋዜጠኛ ደመወዝ ትንሽ ነው። አሜሪካ ከሆናችሁ ልጃችሁ የመጀመሪያ ሥራውን የሚያገኘው ዋሽንግተን ወይም ሎስ አንጀለስ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ስሟን ሰምታችሁ በማታውቋት ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ ራሱ ካሜራ ተሸክሞ፣ ራሱ ቀርጾ፣ ራሱ ኤዲት አድርጎ፣ ማታ ራሱ ያቀርባል። ውሉ ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ ሲሰለቹት ጥሎ መውጣት አይቻልም። ይህን ሁሉ እያወቃችሁም ደግፉት። "ነርስነት ይሻልሃል" እያላችሁ አራት ዓመት ከጨቀጨቃችሁት በድብቅ ይቀጥልበታል፤ የቤት ኪራይ ሲያጥረው እንኳ አይነግራችሁም።

አሁን ለእናንተ ለተማሪዎቹ።

"ድምፄ ያምራል ይሉኛል" ብሎ የሚጀምር ልጅ ብዙ ነው። ደስ ይላል፤ ግን በድምፅ ብቻ የሚቀጥር ዜና ክፍል አላየሁም። ድምፅ በልምምድ ይገራል። ኤዲተር የሚፈልገው ሌሎቹ ሪፖርተሮች ያላገኙትን ወሬ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። እዚህ ላይ እናንተ ካሰባችሁት በላይ ሀብታሞች ናችሁ። አማርኛ ትሰማላችሁ። ቤተሰባችሁ ከጅማ ከሆነ ደግሞ አፋን ኦሮሞም ቤት ውስጥ አለ። የከተማችሁን ታክሲ ነጂ፣ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራዋን ነርስ፣ የእድሩን ሰብሳቢ፣ የመስጊዱንና የቤተ ክርስቲያኑን ኮሚቴ ታውቋቸዋላችሁ። እነዚህ ሰዎች ለማያውቁት ጋዜጠኛ አፋቸውን አይከፍቱም። ለእናንተ ይከፍታሉ፤ የእገሌ ልጅ ናችሁና። በዚህ ሙያ የሚያስቀጥራችሁም የሚያቆያችሁም ይህ መታመን ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ኒውዮርክ ገበያ ላይ የአረቢካ ቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር አለፈ። ካፌ በር ላይ ቆሞ "የማኪያቶ ዋጋ ሊጨምር ነው" ማለት ማንም ይችላል። ግን ጅማ ዞን ወዳለችው ቡና አብቃይ አጋሮ ደውሎ አንድ የጎማ ወረዳ ገበሬ ማነጋገር የሚችል ሪፖርተር በየጣቢያው አለ? እሸት ቡና በኪሎ ስንት ሸጠ? ለለቃሚ በቀን ስንት ከፈለ? የዓለም ዋጋ ሲሰቀል የሱ ቡና ቀድሞ ተሽጦ አልቆ ነበር ወይስ ገና ጎተራ ውስጥ ነበር? ይህን የሦስት ደቂቃ ዘገባ አድርጎ የሠራ ተማሪ ሥራውን ይዞ የትኛውም ኤዲተር ፊት መቆም ይችላል። ያውም ከመኝታ ቤቱ ሳይወጣ፣ በስልክ።

ነገሩ የሚከብደው ታዲያ እዚህ ጋ ነው። ጅማ ላለው አጎታችሁ ደውላችሁ "ምን ተፈጠረ?" ብላችሁ የነገራችሁን እንዳለ አየር ላይ ማዋል አትችሉም። እናንተ ስልኩን ዘግታችሁ ትተኛላችሁ። እሱ ጠዋት ቀበሌ ይሄዳል፣ ገበያ ይወጣል፣ ጎረቤቱ ጋ ቡና ይጠጣል። ስሙን ብትደብቁም "አጂፕ አካባቢ ሱቅ ያለው አንድ ነዋሪ" ካላችሁ የሰፈሩ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ድምፁን ከሰማ ደግሞ ጭራሽ አይጠራጠርም። ስለዚህ ከመቅረጻችሁ በፊት በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። ለማን እንደምትሠሩ፣ መቼ እንደሚተላለፍ፣ ኢንተርኔት ላይ ለዓመታት እንደሚቀር። ስሙንና ድምፁን መጠቀም ይፈቅድ እንደሆነ ለየብቻ ጠይቁ። እሺ ያለው ስለሚወዳችሁ ብቻ ከመሰላችሁ ተዉት። ዘመድ ሌላ ሰው እንዲያገናኛችሁ ጥሩ ነው፤ ራሱ ምንጭ ሲሆን ግን ለሱም ለእናንተም አይበጅም።

ሌላም አለ። የምታነጋግሩትን ሰው ሁሉ "በዓይንህ አይተህ ነው ወይስ ሰው ነግሮህ?" በሉት። ለታላቅ ሰው ከሆነ "አይተው ነው ወይስ ሰምተው?" በሉ፤ በአክብሮት ከተጠየቀ ማንም አይቀየምም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ውጭ ያለው ሰው ምን እንደሆነ አስታውሱ። ዘመድ ማግኘት ያልቻለ ሁሉ ያገኘውን ወሬ አጋራ። አንድ ሰው የሰማውን አሥር ሰው "አየሁ" እያለ ተቀባበለው። እንዲህ ባለ ሰዓት "ይህን አረጋግጠናል፤ ይህን ገና አላረጋገጥንም" ብሎ በረጋ ድምፅ የሚናገር ጋዜጠኛ ለሕዝቡ መድኃኒት ነው። እናንተ እሱን ሁኑ።

ይህን ስል የዩቲዩቡ ነገር ይመጣል። ብዙዎቻችሁ ቻናል ከፍታችኋል፤ በርቱ። ግን ስም እየጠሩ መሳደብ፣ የአንድ ወገን ልሳን መሆን፣ "ሰበር ዜና" ብሎ የሌለ ነገር መለጠፍ ተመልካች እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ። እለምናችኋለሁ፣ በዚያ አትጀምሩ። ሊቀጥራችሁ ያሰበ ዜና ክፍል ስማችሁን ይፈልጋል፤ አማርኛና አፋን ኦሮሞ የሚሰማ ባልደረባም ሊኖረው ይችላል። ከዚያ በላይ ግን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። አንዴ ለአንድ ወገን የጮኸ ልጅ ሌላው ወገን በሩን ይዘጋበታል። ጅማ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ዳውሮው፣ ከፋው፣ የሙ፣ ጉራጌው በአንድ ገበያ የሚገናኝባት ከተማ ናት። ከነዚህ የአንዱን ስልክ ብቻ የያዘ ሰው ስለ ጅማ መዘገብ አይችልም።

ወደ እጅ ሥራው ልለፍ። ለጆሮ መጻፍ ለዓይን ከመጻፍ ይለያል። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሐሳብ። ረጅም ቁጥር አጠጋግታችሁ ተናገሩ። የሰውየው ማንነት ከስሙ ይቅደም፤ "የቡና ነጋዴው አቶ እገሌ" ሲባል ጆሮ ይይዘዋል። በእንግሊዝኛ አንድ ደቂቃ ንባብ ከ150 እስከ 180 ቃል ይወስዳል። የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ ቁጥሩ ከዚያ በጣም ያንሳል። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ስክሪፕት ተርጉማችሁ በዚያው ደቂቃ ልታነቡት ብትሞክሩ ትንፋሽ ያጥራችኋል። በአማርኛ እንደ አዲስ ጻፉት። ፊደላችን ሲጠብቅና ሲላላ አያሳይም፤ "ገና" በዓሉ ነው ወይስ "ገና አልመጣም"? ውጭ ያደገ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ከማንበባችሁ በፊት በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ አንጋፋ አንባቢዎችም ያደርጉታል።

ሰዓትና ዓመተ ምሕረት ሲመጣ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስቡ። አጎታችሁ "ሦስት ሰዓት ላይ" ካላችሁ ጠዋት ዘጠኝ ወይም ማታ ዘጠኝ የምትሉት ነው። የእኛ በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። በዚህ የተሳሳተ ዘገባ ጅማ ውስጥ ሲደመጥ ሰው ቀሪውንም አያምንም።

ለቀረጻ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፤ ጥሪ ገብቶ ቀረጻውን አያቋርጠው። ማይኩን ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቁ። የጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ እየሰማችሁ ቅረጹ። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ የቦታውን ድምፅ ብቻውን ግማሽ ደቂቃ ያዙ፤ ኤዲት ስታደርጉ ታመሰግኑኛላችሁ። ስቱዲዮ ከሌላችሁ ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታችሁ አንብቡ። ድምፁ ንጹሕ ይወጣል።

ልምምዱን የት? በየከተማችሁ ኢትዮጵያውያን የሚያዘጋጁት የሳምንት መጨረሻ ሬዲዮ ካለ በነጻ አገልግሉ። ኳስ የምትወዱ ደግሞ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚያዘጋጀው የጁላይ ውድድር አለላችሁ። ሜዳ ዳር ቆማችሁ ሙሉ ጨዋታ አስተላልፉ፤ የሚሰማ ባይኖርም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ይህችን ከተማ ብታዩዋት የስፖርት ጋዜጠኛ ለምን እንደሚወደድ ይገባችሁ ነበር።

ስለ ትምህርትና ስለ ገንዘብ ባጭሩ። ብሪታንያ ያላችሁ ኤን ሲ ቲ ጄ ወይም ቢ ጄ ቲ ሲ የተባሉት የጋዜጠኝነት ሥልጠና ምክር ቤቶች ዕውቅና የሰጡትን ኮርስ ምረጡ። ኤን ሲ ቲ ጄ የሚያስተዳድረው የጋዜጠኝነት ብዝኃነት ፈንድ የኮርስ ክፍያ ለማይችሉ ይረዳል። አሜሪካ ያላችሁ ኤማ ቦወን ፋውንዴሽን የሚያገናኘውን ደመወዝ ያለው የተማሪዎች ልምምድ ተመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተው የጥቁር ጋዜጠኞች ብሔራዊ ማኅበርም የትምህርት ድጋፍና ዓመታዊ የሥራ ትርኢት አለው። ጀርመን ዶይቸ ቬለ ፎሎንታሪያት የሚባል የ18 ወር ሥልጠና ይሰጣል፤ ከሌላ አገር የመጡም ይወዳደሩበታል።

አማርኛ ክፍል ብቻ ላይ ሕይወታችሁን አትስቀሉ። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በአማርኛ ሲያሰራጭ የኖረው የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ምን እንደደረሰበት አይታችኋል። በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ሠራተኞቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሥራ እንዲርቁ ተደረገ። የዶይቸ ቬለና የቢቢሲ አማርኛ ክፍሎች አሉ፤ ግን የሚከፈተው ቦታ ጥቂት ነው። በእንግሊዝኛውም በምትኖሩበት አገር ቋንቋም ሙሉ ጋዜጠኛ ሁኑ። አማርኛውና አፋን ኦሮሞው በዚያ ላይ የሚጨመር ጉልበት ይሁናችሁ።

በመጨረሻ፣ ለልምምድ ወደ ጅማ መምጣት ለምታስቡ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ያስተምራል፤ የማኅበረሰብ ሬዲዮም አለው። ፋናም እዚህ ቅርንጫፍ አለው። አስቀድማችሁ ከትምህርት ቤታችሁ ደብዳቤ አጽፉ። የኢትዮጵያ ተወላጅ መታወቂያ ያለው ሰው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ያለ ሥራ ፈቃድ መቀጠር ይችላል። ለውጭ መገናኛ ብዙኃን የምትዘግቡ ከሆነ ግን ከኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ይህን በዝምድና ልታልፉት አትሞክሩ።

የቡና ለቀማ ልቀርጽ ብላችሁ በጁላይ አትምጡ። ያኔ ክረምት ነው፤ ለቀማው የሚሞቀው ከጥቅምት ወዲያ ነው። በክረምት ከመጣችሁ ሌላ ወሬ አለ። የሕርማታን የሐሙስ ገበያ ቅረጹ። አዌቱ ወንዝ ሲሞላ ዳሩ ላይ የሚኖሩትን አነጋግሩ። ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የሚጠብቁትን ጠይቁ። ድሮን ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ ያለ ፈቃድ ቦሌ ላይ ይያዛል። ስልክ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ትንሽ ማይክና የዝናብ ጃኬት ይበቃችኋል። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ስለሆነ ማልዳችሁ ተነሱ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምንም ሳትቀርጹ ሰው ተዋወቁባቸው።