ጥያቄና መልስ፦ ባለ ፎቁ አውቶቡስ ባትሪውን የት ይሞላል?

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ በናፍጣም በባትሪም የሚሄዱ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች እንዳሉ አነበብኩ። ባትሪያቸው የት ይሞላል? ሌሊት ሶኬት ላይ ይሰካሉ? ደግሞስ በዚያ ግዙፍ ነገር ላይ ሞተርም ባትሪም መጫን ትርፉ ክብደት ብቻ አይሆንም?

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹ ሶኬት የሚባል ነገር አያውቁም። ባትሪው የሚሞላው እየሄዱ ነው። ከፊሉ ከናፍጣ ሞተሩ፣ ከፊሉ ከፍሬን። ሾፌሩ ፍጥነት ሲቀንስ ጎማው የኤሌክትሪክ ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩም ጄነሬተር ይሆናል። ተራው አውቶቡስ ላይ የፍሬን ሸራ አግሎ በከንቱ የሚቀረው ጉልበት እዚህ ባትሪ ውስጥ ይገባል።

የክብደቱን ነገር አልክድም። ግን የከተማ አውቶቡስ ኑሮው መነሳትና መቆም ነው። ከባድ ስለሆነ ለመነሳት ብዙ ይበላል፤ ሲቆም ደግሞ የሚመልሰው ብዙ ነው (ሁሉንም ይመልሳል ብለው ግን እንዳይጠብቁ)።

ለንደን ሃይብሪድ (በናፍጣም በባትሪም የሚሄድ) ባለ ፎቅ መሞከር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፣ ሠሪው የሰሜን አየርላንዱ ራይት ኩባንያ። በዚያኛው ናፍጣ ሞተሩ ከጎማው ጋር አይገናኝም፤ ሥራው ጄነሬተር ማዞር ብቻ ነው። በ2009 ለሙከራ የመጣው የቮልቮው ግን በሁለቱም ይነዳል። ከፌርማታ በኤሌክትሪክ ይነሳል፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ናፍጣው ይቀበለዋል። መነሳቱን ኤሌክትሪኩ ስለሚያግዝ ባለ 9 ሊትሩ ሞተር ቀርቶ ባለ 5 ሊትር በቃው። ክብደቱም በከፊል እዚህ ጋ ይካካሳል።

ሲቆም ሞተሩ ይጠፋል። መስኮቱን ሲያንቀጠቅጥ የነበረው ንዝረት ቁርጥ ይላል፣ ኋላ ወንበር ላይ ስልክ የሚያወራው ሰው ጉድም ለሁሉም ይሰማል።

ሁሉም ነገር ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በየካቲት 2012 መስመር 38 ላይ ሥራ የጀመረው ኒው ራውትማስተር የተባለው ሃይብሪድ ባለ ፎቅ መልኩ ያምራል፣ መስኮቶቹ ግን አይከፈቱም ነበር! በበጋ ላይኛው ፎቅ ምድጃ ሆነ፤ በኋላ የሚከፈት መስኮት ተገጠመለት። በ2015 ደግሞ የአንዳንዶቹ ባትሪ ተበላሽቶ በናፍጣ ብቻ ሲሄዱ ተገኙ።

ባትሪው ጤነኛ ሲሆን የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የነዳጅ ቁጠባውን 30 በመቶ ገደማ ያደርሰዋል። ይህ ፌርማታውና መብራቱ በተቀራረበበት መንገድ ነው። ፍሬን እምብዛም በማይያዝበት ረጅም አውራ ጎዳና ላይ ከሆነ፣ እርስዎ እንዳሉት፣ ትርፉ ክብደት ነው።