ጾሜን ጠብቄ ልጄን አስከፋሁ

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቡሬ ከተማ እህል ነጋዴ ነኝ። ረቡዕና ዓርብን፣ የሁዳዴን 55 ቀን አስታጉዬ አላውቅም። ፍልሰታንም እስከ 9 ሰዓት ነው የምጾመው። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ጾም የ13 ዓመት ልጄ የበቆሎ ኩንታል ስትመዘግብ አንድ አሳስታ ብትቆጥር፣ በተሸካሚዎቹ ፊት «አንቺ ደደብ!» አልኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እርሳሱን ሚዛኑ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ መጋዘን አትመጣም። ማታ ማታ «እኔ ክፉ ሰው ነኝ» እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ፤ ሲነጋ ደግሞ በሌላ ሰው ላይ እጮኻለሁ። ጾሙ ጠባዬን ያላረመው ለምን ይሆን?

መልስ

ወንድሜ፣ «ክፉ ሰው ነኝ» ማለቱን ይተዉት። ሁሉን ባንድ ላይ ስለሚኮንን የቱን እንደሚያርሙ አያሳይዎትም። እስቲ በጎጃም ካሉት የቅኔ ትምህርት ቤቶች የዋሸራን ወይም የዲማን ተማሪ ያስቡት። ብቻውን ቁጭ ብሎ ሁለት ቤት ያላትን አጭር ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን፣ ሲቆጥር (በልቡ ሲያዘጋጅ) ይቆይና መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ «ቅኔህ አይረባም» ብለው አይሸኙትም፤ የተበላሸችውን ቃል ነቅሰው ያቃኑለታል። እርስዎም ማታ ከጸሎት በኋላ እንዲሁ ያድርጉ። በስንት ሰዓት፣ ለማን፣ ምን ቃል ከአፌ ወጣ? ከዚያ በፊትስ ምን ተሰማኝ? በሒሳብ ደብተርዎ ጀርባ ይጻፉት። አብዛኛው ከ7 እስከ 9 ሰዓት ሳይሆን አይቀርም፤ ሆድ ባዶ ሆኖ ገበያው የሚያስጨንቅበት ሰዓት ነው። እንዲያ ከሆነ በዚያ ሰዓት ሚዛኑን ሌላ ሰው ይያዝልዎት።

ጾሙ አላረመኝም ብለዋል። ለእኔ ግን ሥራውን የጀመረ ይመስለኛል፤ ሲጠግቡ ተሸፍኖ የሚውለውን ቁጣ አውጥቶ አሳየዎት።

ከደብዳቤዎ ያጣሁት አንድ ነገር አለ፤ ልጅቱን ይቅርታ ጠየቋት? ለንስሐ አባትዎ መናገርዎ ተገቢ ነው፤ የእሷን ግን አይተካም። ፍልሰታን ልጆች ሳይቀሩ ይጾሙታልና ያን ቀን እሷም ተርባ ይሆናል የቆጠረችልዎት። የሰደቧት ሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውም እዚያው መጋዘን፣ ተሸካሚዎቹ ባሉበት፣ ጾሙ ሳይፈታ ይሁን። «አጥፍቻለሁ ልጄ» ይበቃል፤ «አንቺም እኮ» የምትለዋን አይጨምሩባት። ዝም ካለች አያስጨንቋት። እርሳሱን ግን ካስቀመጠችበት አያንሱት።