የባኬላይት ሬዲዮ ሳጥን አጸዳድ፦ ከአዳማ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከዕቃ ቤት ወይም ከአያት ቤት የወጣ አሮጌ ሬዲዮ ተሸክመው ወደ ጥገና ክፍሌ ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ ስለ ድምፁ ሳይሆን ስለ መልኩ ነው። ስለዚህ እዚህ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ባለችው ክፍሌ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠያቂዎችን በአንድነት ተቀብዬ ስለ ሳጥኑ አጸዳድ የፈለጉትን እንዲጠይቁኝ አደረግሁ፤ የተጠየቅሁትንና የመለስሁትን እነሆ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአባቴ ሬዲዮ ቡናማ ነው። ባኬላይት ይሁን ተራ ፕላስቲክ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ አውራ ጣትህን ሳጥኑ ላይ እስኪሞቅ ድረስ አጥብቀህ እሽና ወዲያው አሽትተው። ባኬላይት ከሆነ አፍንጫ የሚኮረኩር፣ ሐኪም ቤትን የሚያስታውስ ሽታ ታገኛለህ፤ ምክንያቱም ትውልደ ቤልጅጉ ኬሚስት ሊዮ ቤክላንድ አሜሪካ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1907 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ይህ ቁስ የሚሠራው ሐኪም ቤት የሚሸተውን ኬሚካል ፌኖልንና ፎርማልዴሃይድን በሙቀትና በግፊት በማዋሐድ ነው። አንዳንዶች የጋለ መርፌ ወግተው ይፈትናሉ። እኔ አልመክርም፤ ባኬላይት በመርፌ ባይበሳም ጠባሳው ይቀራል፣ ዕቃው ሴሉሎይድ (ቶሎ የሚቀጣጠል የድሮ ፕላስቲክ) ሆኖ ከተገኘ ደግሞ እሳት ሊነሣ ይችላል።

ጥያቄ፦ በዱቄት ሳሙናና በበረኪና ዘፍዝፌ ባጥበውስ?

መልስ፦ ይህን ስሕተት እኔው ራሴ ስለ ሠራሁት ልናገር። ሥራውን በጀመርሁበት ዘመን የአንድ ደንበኛ አደራ የሆነውን ጥቁር ቡናማ ሳጥን በረኪና በጨመርሁበት ሳፋ ውስጥ አሳድሬ ጠዋት ሳወጣው፣ መልኩ እንደ ደረቀ ጭቃ ገርጥቶ፣ ጠርዙ ላይ ጣት ሲነካው የሚሻክር ትንንሽ እብጠት አውጥቶ አገኘሁት። የባኬላይት ውበት ያለው ፌኖልና ፎርማልዴሃይድ ተዋሕደው በሚፈጥሩት፣ ከላይ በተኛው ቀጭን የሙጫ ሽፋን ላይ ነው፤ ከሥሩ ያለው አካል በአብዛኛው ለጥንካሬ ሲባል ከእንጨት ዱቄት ጋር የተደባለቀ ነው። በረኪና ሽፋኑን ይበላዋል፤ ሽፋኑ ከተበላ ደግሞ የእንጨቱ ዱቄት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ያ ሽፋን አንዴ ከሄደ የሚመልሰው የለም፤ ከዚያ በኋላ የምንቀባው ሁሉ መሸፈኛ ነው። ለደንበኛዬ ያልኩትን አሁን ባልደግመው ይሻላል።

ጥያቄ፦ እንግዲያውስ በምን እንጀምር?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ሬዲዮውን ከሶኬት ነቅሎ ለባለሙያ ማስከፈት ያስፈልጋል፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች፣ ካፓሲተሮቹ፣ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉና። ባዶው ሳጥን ከወጣ በኋላ የአዳማን አቧራ በደረቅ ጨርቅ እንዳትጠርጉት፤ በነፋስ የመጣ አቧራ አሸዋ አለበትና በጨርቅ ሲገፋ ሳጥኑን ይጭረዋል። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ተጠቅማችሁ ከላይ ወደ ታች አራግፉት። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ፣ ጨርቁን ነክራችሁ፣ ውኃው እስከማይንጠባጠብ ድረስ ጨምቃችሁ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ቦታ እየጠረጋችሁ ወዲያው አድርቁ። የዕጣን ጢስና የቅባት እጅ የተጋገረባቸው ስርጉድ ቦታዎች አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈልጋሉ። ቤንዚን፣ ቲነርና አሴቶን አያስፈልጉም፤ ሳጥኑ የኋላ ዘመን ፕላስቲክ ሆኖ ከተገኘ አሴቶን ዓይናችሁ እያየ ያቀልጠዋል።

ጥያቄ፦ የእኔው ሬዲዮ ላይ ለዓመታት ዳንቴል ተደርጎበት ኖሯል። ዳንቴሉን ሳነሣው አበባው ሳጥኑ ላይ ታትሞ ቀርቷል። እድፍ ነው?

መልስ፦ እትዬ፣ እድፍ አይደለም፤ ፀሐይ የሣለችው ነው። ሬዲዮዎ መስኮት አጠገብ እንደኖረ ከዚሁ ይታወቃል። ይዘውት የመጡትን ሳጥን ወደ ብርሃኑ አዘንብዬ ሳየው ክሩ ያረፈበት ሁሉ እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ በቀዳዳዎቹ በኩል ብርሃን ያገኘው ደግሞ ደብዝዞ አመድ መስሏል። የፀሐይ ጨረር የሙጫውን ሽፋን ያደርቀዋል፣ ያከስመዋል። የደበዘዘውን በመኪና ቀቢዎች ዘንድ በሚገኘው በጣም ደቃቅ ኮምፓውንድ (የማለስለሻ ቅባት) በለስላሳ ጨርቅ፣ በጣት ኃይል ብቻ ቀስ እያሉ ቢያሹት አበባው እየደበዘዘ ይሄዳል። ጨርቁ ላይ ቢጫ ወይም ቡናማ ነገር ሲያዩ አይደንግጡ፤ የተበላሸው የላይኛው ገጽ ነው የሚወጣው። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ካላጠፋሁት ብለው አይታገሉ፤ ከዚህ አልፎ ማሸት ጤነኛውን ሽፋንም ይዞ ይሄዳል። እውነቱን ልናገርና የእኔ ቢሆን አበባውን እተወው ነበር።

ጥያቄ፦ በድሪል ላይ የማለስለሻ ስፖንጅ ገጥሜ ብሠራው አይፈጥንም?

መልስ፦ ይፈጥናል፤ የሚፈጥነው ግን ጥፋቱም ነው። ብርጭቆ ወረቀትም ቢሆን ከ2000 ቁጥር በታች የሆነውን አታስነካው፤ 2000ውንም ሌላ መላ ለጠፋለት ቦታ ብቻ፣ በጥቂቱ አርጥበህ፣ አፍንጫህን ሸፍነህ ተጠቀምበት። ሙቀት እንዲችሉ ተብለው የተሠሩ አንዳንድ የባኬላይት ክፍሎች ውስጥ ሳንባ የሚጎዳው ማዕድን አዝቤስቶስ ስላለ ዱቄቱን መተንፈስ አይገባም።

ጥያቄ፦ የጫማ ቀለም ይቀባል ሲሉ ሰምቻለሁ። ቀልድ ነው?

መልስ፦ ቀልድ አይደለም። የጫማ ቀለም በአብዛኛው ሰምና ማቅለሚያ ስለሆነ፣ ሽፋኑ ለተበላ ሳጥን ከሚደረጉት መሸፈኛዎች ሁሉ ርካሹ ነው። ሳጥኑ ጸድቶ ከደረቀ በኋላ ቡናማውን ወይም ጥቁሩን በስሱ ቀብታችሁ፣ ጥቂት አቆይታችሁ፣ ሊስትሮ ጫማ እንደሚያሸው በንጹሕ ጨርቅ አሹት። በወርቅማ ቀለም የተጻፈውን የፋብሪካ ስም ግን አታስነኩት። ሽፋኑ ደኅና ከሆነ ማቅለሚያ የሌለበት የካርናውባ ሰም ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የእኛ ሬዲዮ ነጭ ነው። ለእሱም ያው ነው?

መልስ፦ የፌኖል ሙጫ በራሱ ጠቆር ያለና ከጊዜ ጋር የሚጠቁር ስለሆነ ነጭ ባኬላይት አይገኝም። የሳጥኑን ውስጥ ተመልከቱ፤ ቡናማ ከሆነ ባኬላይት ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል ማለት ነው፣ ኮምፓውንድ ቀለሙን ያነሣዋል። ውስጡም ነጭ ከሆነ ምናልባት የዩሪያ ሙጫ የሚባለው ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፤ እሱ ከባኬላይት ይልቅ ውኃ ይፈራል፣ ይሰነጠቃልም። በጨመቃችሁት ጨርቅ ብቻ ጥረጉት።

ጥያቄ፦ የጣቢያዎቹ ስም የተጻፈበትን መስታወትና ማዞሪያዎቹንስ?

መልስ፦ መስታወቱን ከፊት ለፊት ጥረጉ፤ ከጀርባው ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ጽሑፉ የታተመው ከጀርባ በኩል ነው፣ በውኃና በሳሙና ተጠራርጎ ይሄዳል፤ ስንቱ ቤት የከተሞች ስም የሌለበት ባዶ መስታወት እንደቀረ እኔ አውቃለሁ። ማዞሪያዎቹን ስትነቅሉ ማዞሪያውን የያዘው ብሎን ቀዳዳ በሰም ተደፍኖ ብታገኙት ቆሻሻ አይምሰላችሁ። ትራንስፎርመር በሌላቸው አንዳንድ ሬዲዮዎች የውስጡ ክፍሎች የታሰሩበት ብረት፣ ሻሲው፣ በቀጥታ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር ስለሚገናኝ፣ በእኛው 220 ቮልት ያ ትንሽ ብሎን ሰው ሊገድል ይችላል። ሰሙ የተደረገው እጅ እንዳይነካው ነው፤ አጽድታችሁ ስትጨርሱ መልሳችሁ ድፈኑት።

ጥያቄ፦ የተሰነጠቀውን አሙቆ ማጣበቅ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ባኬላይት ከበሰለ በኋላ አይቀልጥም፤ የተጋገረ እንጀራ ተመልሶ ሊጥ አይሆንም። ኤፖክሲ በሚባለው ጠንካራ ማጣበቂያ ላይ ጥቂት ቡናማ ወይም ጥቁር የቀለም ዱቄት ቀላቅላችሁ ከውስጥ በኩል አጣብቁት።

ጥያቄ፦ እኔ ባለ ዳንቴሏ ነኝ። ዳንቴሉን ልመልሰው እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ሰሙ በደንብ መድረቁን በእጅዎ ጀርባ ነክተው ያረጋግጡ፤ አለዚያ ክሩ ይጣበቅበታል። ሬዲዮውን ከመስኮቱ ያርቁት። የቫልቭ ሬዲዮ በጣም ስለሚሞቅ ሲከፍቱት ዳንቴሉን ያንሱት፤ ከጀርባው ያሉትን የአየር ቀዳዳዎችም ግድግዳው እንዳይደፍናቸው ሬዲዮውን ሁለት ሦስት ጣት ያህል ወደ ፊት ያስጠጉት።