ስፓይደርማንን ለምትስሉ ልጆች

ልጆቼ፣

አንድ ሠዓሊ ወዳችሁ የእሱን ድር፣ የእሱን ዓይን፣ የእሱን ጡንቻ ስትቀዱ መክረማችሁን ደብተራችሁ ይናገራል። ክፋት የለውም፤ ሁሉም የሚጀምረው እንዲሁ ነው። ስፓይደርማን ግን ከ60 ዓመት በላይ በብዙ እጅ ያለፈ ነው። እያንዳንዱ ሠዓሊ መስመሩን እንዲያ የሳበው የሚፈታው ነገር ስለነበረው ነው። የሚፈታውን ሳታውቁ መስመሩን ብቻ መውሰድ በሌላ ሰው የሐኪም ማዘዣ መድኃኒት እንደ መዋጥ ነው። ስለዚህ የምወዳቸውን እያነሣሁ ምኑን እንደምትወስዱ፣ ምኑን እንደምትተዉ ልንገራችሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከስቲቭ ዲትኮ እንነሣ። ጸሐፊው ስታን ሊ ሥራውን መጀመሪያ ለጃክ ኪርቢ ሰጥቶ ነበር፤ ኪርቢ የሣለው ልጅ ገና ከጅምሩ ጀግና ጀግና ሲሸት ጊዜ ሥራው ወደ ዲትኮ ዞረ። በኦገስት 1962 «አሜዚንግ ፋንታሲ» የተባለው የኮሚክ (የሥዕል ታሪክ) መጽሔት ቁጥር 15 ሲወጣ ሽፋኑን ኪርቢ በእርሳስ ሣለው፣ ዲትኮ መስመሩን በጥቁር ቀለም አወጣው፤ የውስጡ ሥዕል ግን የዲትኮ ነው። ሽፋኑንና ውስጡን ጎን ለጎን አድርጉና ትከሻውን ብቻ እዩ። ሽፋኑ ላይ ደረተ ሰፊ ጎልማሳ አለ፤ ውስጥ ደግሞ ክርኑና ጉልበቱ የሾለ፣ ልብሱ የማይሞላለት ጎረምሳ።

ዲትኮ ያደረገው ትልቁ ነገር ፊቱን ሙሉ በሙሉ መሸፈኑ ነው። አፍ የለም፣ ቅንድብ የለም። እንግዲህ ፍርሃቱን ወይም ንዴቱን በምን ታሳያላችሁ? ዲትኮ ወደ እጅ አወረደው። ድር ሲተኩስ መዳፉ ወደ ላይ ይዞራል፤ የመሃልና የቀለበት ጣቶች ታጥፈው መዳፉን ይጫናሉ፤ ሌባ ጣትና ትንሿ ጣት ይዘረጋሉ፤ አውራ ጣት ወደ ጎን ይወጣል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው አውራ ጣቱን በታጠፉት ላይ በመደረብ ነው፤ ያን ጊዜ እጁ የሮክ ኮንሰርት ምልክት ይሆንና አረፈው። ሁለተኛው ስሕተት የእጅ አንጓውን ቀጥ ማድረግ ነው። አንጓው ወደ ኋላ መታጠፍ አለበት፤ ድሩ የሚወጣው ከአንጓው ሥር ስለሆነ እጁ መንገድ መልቀቅ አለበት።

የዲትኮን ገጽ አቀማመጥ ለማየት ከፈለጋችሁ በፌብሩዋሪ 1966 የወጣውን «አሜዚንግ ስፓይደርማን» ቁጥር 33 ፈልጉ። ልጁ ከባድ ማሽን ተጭኖታል፣ ውኃ ከላይ ይወርዳል፣ አክስቱን የሚያድነው መድኃኒት ከእጁ ርቆ ወድቋል። ዲትኮ አይቸኩልም። ገጽ በገጽ ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ብረት እያሳየ ትንሽ በትንሽ ያነሣዋል፤ በአምስተኛው ገጽ ላይ አንድ ሥዕል ብቻ፣ ሙሉ ገጽ፣ ማሽኑ ከላዩ ተነሥቶ። ያ ሙሉ ገጽ የሚከብደው ከፊቱ የነበሩት ሳጥኖች፣ ማለትም ገጹን የሚከፋፍሉት ትንንሽ ሥዕሎች፣ ስላጨናነቁን ነው። እናንተ በየሦስት ገጹ ሙሉ ገጽ የምትስሉ ከሆነ አንዱም አይከብድም።

ጆን ሮሚታ በቁጥር 39፣ በኦገስት 1966፣ ሥራውን ሲረከብ የብዙ ዓመት የፍቅር ታሪክ ኮሚኮች ሠዓሊ ነበር። ዲትኮ ይመለሳል ብሎ ስላሰበ የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች በዲትኮ ቀጭን መስመር ለመሣል ታገለ። ትግሉ ይታያል፤ በእኔ ዓይን መስመሩ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው የተሸማቀቀ ነው። ቆይቶ ራሱን ሲለቅ ነው ፒተር ፓርከር፣ ከጭምብሉ ሥር ያለው ልጅ፣ ያማረበት፣ ትከሻው የሰፋ ወጣት የሆነው። በቁጥር 42 የመጨረሻ ሳጥን ላይ እስከዚያ ፊቷ ታይቶ የማያውቀው የፒተር ፍቅረኛ የምትሆነው ሜሪ ጄን በር ላይ ቆማ ስትታይ፣ ያን ሥዕል ዲትኮ ሊሥለው አይችልም ነበር። የሰው ፊት ያለ ብዙ መስመር ማሣመር የፍቅር ኮሚክ ሙያ ነው። ጉንጭ ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር ስታደርጉ ልጅቷ አሥር ዓመት ታረጃለች፤ ሮሚታ ይህን ያውቃል። የመሣሪያው ምርጫም ከዚሁ ይከተላል፦ ለዲትኮ የሾለ የብረት ብዕር፣ ለሮሚታ ጫፉ የሚሰበሰብ፣ መስመሩን የሚያወፍርና የሚያቀጥን ብሩሽ ያዙ። ብሩሹን ቀለም ደርቆበት አትተዉት፤ ቀለም ሥሩ ድረስ ከገባ ጫፉ ይከፈላል፣ ከዚያ በኋላ ለመጥረጊያ ብቻ ነው።

ጊል ኬንን በአጭሩ። ከታች ወደ ላይ ማየት ይወዳል፤ አገጭና አፍንጫ ከሥር ይታያሉ። የፒተር ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲ የምትሞትበትን ቁጥር 121 (1973) በእርሳስ የሣለው እሱ ነው፤ በጥቁር ቀለም ያወጣው ሮሚታ ነው። ቀጥሎ እስከ 1978 የሣለው ሮስ አንድሩ ኒውዮርክን እየዞረ ፎቶ ያነሣ ነበር፤ ስለዚህ የእሱ ሕንፃዎች ሳጥን አይደሉም፣ ውኃ ማጠራቀሚያና የእሳት መውጫ ደረጃ አላቸው። ይህን ሰው ብዙዎች ይረሱታል፤ እኔ ቀጥሎ ከማነሣው ከማክፋርሌን አስቀድሜ አጠናው ነበር።

ቶድ ማክፋርሌን በ1988 በቁጥር 298 ሲገባ ድሩ ገመድ ሆነ። ከዚያ በፊት የነበረው ድር ተጣጥፎ የተጠላለፈ መረብ ነበር፤ የእሱ የሚጠመዘዝ፣ ዳር ዳሩ የሚንጠለጠል ነው። ዓይኖቹን አሰፋ፣ አካሉን እንደ ሸረሪት አጣመመ። በ1990 እሱ ራሱ የጻፈውና የሣለው አዲስ ተከታታይ ቁጥር 1 ሁለት ሚሊዮን ተኩል ቅጂ ገደማ ተሸጧል፤ የብዙዎቻችሁ ደብተር ሳታውቁት የእሱ ደቀ መዝሙር የሆነው ለዚህ ነው። ድሩን ስትቀዱ ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች እርስ በርስ ይጠማዘዙ። ቀጥሎ በየመካከሉ የሚያስሩ ትንንሽ ቀለበቶች። የተንጠለጠሉት ክሮች መጨረሻ ይመጣሉ፣ ጥቂት ብቻ። ከጀርባው ደግሞ ወይ ባዶ ነጭ፣ ወይ ሙሉ ጥቁር ይሁን። ጀርባው በጡብና በመስኮት ከተሞላ ድሩ ይጠፋል፤ ስሕተቱ በአብዛኛው እዚህ ነው እንጂ ድሩ ላይ አይደለም።

አሁን ወደ ጭምብሉ። የተበላሸ ስፓይደርማን ሁሉ የሚበላሽበት ቦታ ነው። የእንቁላል ቅርጽ ሥላችሁ በላዩ የቁመትና የአግድም መስመር አሳልፉ፤ ሁለቱም እንደ ኳስ ቆዳ ይጠምዘዙ። ዓይኖቹን አስቀምጡ። በዓይኖቹ መካከል፣ የአፍንጫ ድልድይ ላይ፣ አንድ ነጥብ አድርጉ፤ ድሩ ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነው። አራት መስመር አውጡ፦ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። በየመካከላቸው አራት ጨምሩ፣ እንደገና በየመካከሉ ስምንት፤ 16 ይበቃል። ከዚያ አያያዦቹን ከመስመር ወደ መስመር ስትሥሉ ሆዳቸው ወደ ነጥቡ ይርገብ። ወደ ውጭ ካበጡ ድር መሆኑ ይቀርና የዓሣ ቅርፊት ይሆናል። ማስመሪያ አትንኩ፤ ቀጥ ያለ መስመር የተጠማዘዘውን ጭንቅላት እንደ ሳህን ዝርግ ያደርገዋል።

በቀለም ስታወጡ የጭንቅላቱ ዙሪያ መስመር ከድሩ ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይወፍር። ጥላ ባለበት ጎን ድሩን ተዉት፣ ጥቁር አፍስሱበት። ሰውየው ሩቅ ከሆነና ቁመቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጭምብሉ ላይ አምስት ስድስት ጭረት ይበቃል። ዓይን ላይ ደግሞ ጊዜ ውሰዱ፤ አፍ ስለሌለ እሱ ነው የሚናገረው። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣል የለ? ዓይን ብቻውን ሊተርክ እንደሚችል ለማመን የስፓይደርማን አሳታሚ ማርቭል ድረስ መሄድ አያስፈልገንም።

ስለ ወረቀት። የአሜሪካ ሠዓሊዎች የሚሠሩበት ሰሌዳ 28 በ43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ሥዕሉ የሚያርፍበት ቦታ 25 በ38 ነው፤ መጽሐፉ ሲታተም ወደ ሁለት ሦስተኛው ያንሳል። A3 ወረቀት ለዚህ በጣም ቅርብ ነው፣ በየጽሕፈት መሣሪያ ቤቱም አለ። ቀጭኑን የፎቶ ኮፒ ወረቀት ግን ለቀለም አትጠቀሙ፤ ይመጠዋል፣ የመስመሩ ጠርዝ ይበተናል። ወፈር ያለ፣ ፊቱ ልስልስ ያለ ምረጡ። ሥራውን ስትጨርሱ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ ከA3 ወደ A4 አሳንሱልኝ በሉ፤ ማሽኑ 71 በመቶ ያደርገዋል። ከዚያ በክንዳችሁ ርቀት ይዛችሁ እዩት። ድሩ ወደ ጥቁር ጭቃ ከተለወጠ መስመር አብዝታችኋል። በዋናው ላይ ማማሩ አይቆጠርም፤ አንባቢ ዋናውን አያይም።

ማርክ ባግሊን ለፍጥነቱ አነሣዋለሁ። ማርቭል ያዘጋጀውን የጀማሪዎች ውድድር አሸንፎ የገባ ሰው ነው። ከ2000 እስከ 2007 «አልቲሜት ስፓይደርማን»ን 111 ቁጥር ሳያቋርጥ ሣለ። አንዱን ቁጥር 22 ገጽ ብለን ብናስብ ከ2,400 ገጽ ይበልጣል። እያንዳንዱ ገጽ ድንቅ አይደለም፤ ግን የትኛውም ገጽ አያደናግርም፣ ማን ማንን እንደመታ ይገባል። ጣሊያናዊቷ ሣራ ፒኬሊ በ2011 አዲሱን ስፓይደርማን ማይልስ ሞራሌስን ስትሥል ደግሞ ልብሱ ጥቁር፣ ድሩ ቀይ ሆነ። ይህ ሥራውን ይገለብጠዋል፤ ጥቁሩን ካፈሰሳችሁ በኋላ ድር አይገባበትምና አስቀድማችሁ ቦታውን ክፍት ትታችሁ ዙሩ፣ ካልሆነም በነጭ ቀለም ከላይ ሥሩት።

ልምምዱን እንዲህ አድርጉት። በሳምንት አንድ ገጽ ምረጡ። መስመሩን ሳይሆን 6 በ9 ሴንቲ ሜትር በሆነች ትንሽ ሳጥን ጥቁሩን ብቻ ቅዱ። ጥቁሩ ዓይናችሁን ከየት አስገብቶ በየት እንደሚያስወጣ በቀይ እስክሪብቶ አስምሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ትዕይንት በሌላው ሠዓሊ ዘዴ ሥሩት፤ የዲትኮን ማሽን በአንድሩ መንገድ፣ የሮሚታን ሜሪ ጄን በዲትኮ ብዕር። ሲበላሽ የተበላሸበት ቦታ ነው የሚያስተምረው፣ አትቅደዱት። ከሥሩ «ከሮሚታ፣ ቁጥር 42» ብላችሁ የባለቤቱን ስም ጻፉ፤ ለልምምድ የተቀዳ ሥዕል አይሸጥም፣ በራስ ፊርማም ግድግዳ ላይ አይሰቀልም።