የመኪና ስፕሬይ የሰነጠቀው ሞዴል

«ጋሼ፣ አሜሪካ ያለች እህቴ የ1932 ፎርድ ሆት ሮድ (ለፍጥነት ተብሎ የተቀየረ የድሮ መኪና) የሚገጣጠም የፕላስቲክ ሞዴል ላከችልኝ፤ መጠኑ 1/25 ነው። ቀለሙና ኮላው ተቀጣጣይ ስለሆነ በሻንጣ አይጫንም ተብሎ ቀረ። እኔም ከመለዋወጫ ሱቅ ቀይ የመኪና ስፕሬይ ገዝቼ ረጨሁት። ወዲያው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ ነጭ ጉም ጣለበት። መስታወቱን በሱፐር ግሉ ባጣብቀው እሱም ደበዘዘ። ክሮም የተቀቡት ክፍሎች ደግሞ አልጣበቅ አሉኝ። አካሉ ይድናል ወይስ ልጣለው? ከዳነስ ክሊሩን (ከቀለም በላይ የሚረጨውን ግልጽ ሽፋን) እናንተ ጋራዥ ማስረጨት እችላለሁ?» (ከደሴ፣ ሆጤ አካባቢ)

ወንድሜ፣ አትጣለው፤ ይድናል። ከመንካትህ በፊት ግን ስንጥቁና ጉሙ የተለያየ ምክንያት እንዳላቸው እወቅ።

የመኪና ስፕሬይ የተዘጋጀው ለላሜራ ነው። ቀለሙን በሚያቀጥነው ቲነር ውስጥ ቶሉይን፣ አሴቶንና መሰሎቻቸው ይገኛሉ። ላሜራ ለእነዚህ ደንታ የለውም። ሞዴልህ የተሠራበት ፖሊስታይሪን የሚባለው ፕላስቲክ ግን ሲነኩት ይሟሟል። በዚያ ላይ ፕላስቲኩ ቀልጦ ወደ ሻጋታ ተገፍቶ በፍጥነት ስለቀዘቀዘ ውስጡ ውጥረት ይዞ ቀርቷል። ቲነሩ ገጹን ሲያላላው ያ ውጥረት መውጫ ያገኝና ይተረተራል።

ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በቀለሙ ላይ አትጫነው። ዋናው ነገር ቲነሩ ፕላስቲኩ ላይ እርጥብ ሆኖ የቆየበት ጊዜ ነው። ጋራዥ ውስጥ ለረዳቶቼ የምነግራቸው «እርጥብ አድርገህ ጣለው፣ ራሱ ይተኛል» እያልኩ ነው፤ ላሜራ ላይ የሚያብረቀርቅ ቀለም የሚወጣው እንደዚያ ነውና። ፕላስቲክ ላይ ትእዛዙ ይገለበጣል። የመጀመሪያዎቹ ሽፋኖች ደረቅ ያሉ መሆን አለባቸው፤ ቲነሩ ፕላስቲኩን ከመንከሱ በፊት አብዛኛው አየር ላይ ተኖ ማለቅ አለበት።

ጉሙን ያመጣው የደሴ አየር ነው። ቲነር ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ የተቀባው ገጽ ከአካባቢው አየር የበለጠ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱ እዚያ ላይ ጤዛ ሆኖ ቀለሙን ያነጣዋል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ፣ በተለይ ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ ጭጋግ ሲወርድ፣ ይህ የታወቀ ነው። እኛ ኮምቦልቻ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብለን ስለምንገኝ ብርዱ ብዙ አያስቸግረንም፤ የእኛ ጠላት አቧራ ነው። አንተ ፀሐይ በወጣበት ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ርጭ። ጣሳውን ደግሞ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቁመው፤ ውስጡ ያለው ግፊት ይጨምርና ቀለሙ ደቀቅ ብሎ ይወጣል። ውሃው እጅህን ዘፍቀህ ልትታገሠው የምትችለው ያህል ብቻ ይሙቅ። ከሰልም ሆነ ምድጃ አጠገብ ፈጽሞ እንዳታስቀምጠው፤ ይፈነዳል።

አሁን ወደ ማዳኑ እንግባ። ቀለሙን ለማንሣት ቲነር አትጠቀም፤ የባሰ ታቀልጠዋለህ። የሚያስፈልግህ ፍሬን ዘይት ነው። የመኪና ቀለም ላይ አንዲት ጠብታ ስትፈስ ምን እንደምታደርግ ማንኛውም መካኒክ ያውቃል፤ ፖሊስታይሪኑን ግን አትጎዳውም። ጓንት አድርገህ፣ ዓይንህን ጠብቀህ፣ ለምግብ በማይውል ዕቃ ውስጥ አካሉን ዘፍቀህ አሳድረው። በማግስቱ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገህ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠበው። ቀለሙ የነከሰበት ቦታ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ቢቀር አትታገለው፣ በብርጭቆ ወረቀት ይወጣል። ያገለገለውን ዘይት ወደ ቧንቧም ሆነ ወደ ቦርከና ወንዝ አትድፋው፤ ጋራዥ ካለ የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ይግባ።

ከዚያ ለጥቂት ቀናት ተወው። ፕላስቲኩ ውስጥ የገባው ቲነር እስኪወጣ ድረስ ገጹ ለስላሳ ነው፤ አሁን ብትፈትገው ይጎደጉዳል። ጥፍርህን ጫን ስታደርግበት ምልክት ካልያዘ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ እያራስክ፣ ስንጥቁ እስኪጠፋ ፍተግ፤ በ600 እና በ800 አለስልሰው። የበሩ መስመርና ማጠፊያዎቹ በጣም ስስ ስለሆኑ ተጠንቀቅ። መስመሩ እየጠፋ ከመጣ በምላጭ ጀርባ ደግመህ ጫረው። ጥልቅ ስንጥቅ ከቀረ ከማድረቂያው ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቀውን የመኪና ስቱኮ በስሱ ጥረግበት። ሳይቀላቀል ከቲዩብ የሚወጣው ዓይነት ግን ራሱ ቲነር ስላለበት እንደገና ያቀልጥብሃል።

አንድ ነገር ልጨምር። 1/25 ማለት ሁሉም ነገር በ25 ተካፍሏል ማለት ነው። ጋራዥ ውስጥ መኪና ላይ የምንጥለው ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚረጭ መነሻ ሽፋን)፣ ቀለምና ክሊር ተደምሮ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ቢሆን፣ ያው ውፍረት ሞዴልህ ላይ ሲያርፍ በእውነተኛው መኪና ሂሳብ 2.5 ሚሊሜትር ይሆናል። የበር መስመሮች የሚሞሉት፣ የራዲያተሩ ሽቦዎች የሚደፈኑት በዚህ ነው። ስለዚህ ስስ መቀባት ከስንጥቅ ማዳን ብቻ አይደለም፤ ሞዴሉን መኪና የሚያስመስለውም እሱ ነው።

አረጫጨቱ እንዲህ ነው። አካሉን በሳሙና እጠብ፤ አዲስ ሞዴል ላይ ከሻጋታው የተረፈ ቅባት ይኖራል። ከዚያ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀህ ፕራይመሩን በፍጥነት አሳልፈው፤ ፕላስቲኩ ከሥር መታየት አለበት። ሩብ ሰዓት ጠብቅ። እንደገና እንደዚያው። ሦስትና አራት ጊዜ ስትመላለስ ራሱ ይሸፍናል። ይህ ደረቅ ፕራይመር ለቀለሙ ግድግዳ ሆኖ ያገለግላል። አሳድረህ በ1000 ቁጥር አለስልስና ቀዩን በዚያው መንገድ ጀምር፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ 20 ሴንቲሜትር ቀርበህ እርጠብ ያለ አንድ ሽፋን መስጠት ትችላለህ። ቀይ ቀለም ከሥሩ ያለውን ስለሚያሳይ በግራጫ ላይ ይጨልማል፤ ፕራይመሩ ነጭ ይሁን። ሁሉንም ግን መጀመሪያ ክፍሎቹ ተያይዘው በመጡበት ፍሬም ላይ ሞክር፤ ፕላስቲኩ አንድ ዓይነት ስለሆነ አይዋሽህም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥቂት መስመር ቢታይህ ቀዩን ተወውና በደብዛዛ ግራጫ ፕራይመር ጨርሰው። ደብዛዛ ገጽ ጉድለት ይሸፍናል፣ የሚያብረቀርቅ ያጋልጣል። ለሆት ሮድ ደግሞ ይህ ነውር አይደለም። በደቡብ ካሊፎርኒያ የ1932ቱን ፎርድ ፓራፋንጎውን አውልቀው፣ ጣሪያውን ቆርጠው አሳጥረው ይነዱ ከነበሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ገንዘባቸውን ቪ8 ሞተሩ ላይ ጨርሰው መኪናቸውን በፕራይመር ብቻ ያሽከረክሩ ነበር። በእኔ ዓይን እንዲያውም ከቀዩ ይልቅ ይህኛው ያምራል።

ክሮሙ ያልጣበቀው የፕላስቲክ ኮላ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ስለሚያዋህድ ነው፤ ክሮሙ በመሀል ከገባ የሚያሟሟው አያገኝም። የሚገናኙትን ቦታዎች ብቻ በምላጭ ፋቅ። ክሮሙን ሙሉ በሙሉ ማንሣት ከፈለግህ በረኪና ውስጥ ዘፍቀው፤ ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን ስለሆነ ይለቃል። ኮላ ባይኖርህም መላ አለ፤ የሞዴሉን አካል ያበላሸው ዓይነት ቲነር በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ጠብታ ያህል መጋጠሚያው ላይ ሲነካ ሁለቱን ክፍል አንድ ያደርጋቸዋል። መስኮት ክፈት እንጂ ሽታው ቀላል አይደለም። መስታወቶቹን ግን በእንጨት ሠራተኞች ነጭ ኮላ አጣብቅ፤ የደበዘዘውን በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ብትወለውለው አብዛኛው ይጠራል።

ስለ ክሊሩ፣ እኛ የምንረጨው ከሃርድነር (ማድረቂያ) ጋር የሚቀላቀል ነው። አይሶሳይኔት የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል ስላለበት ትክክለኛ ማስክ ሳይኖር ቤት ውስጥ አይሞከርም፤ አንተ እንዳትገዛው። መርጫችንም አፉ 1.3 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ለእንደዚህ ያለች ትንሽ ነገር ብዙ ያፈሳል። ቢሆንም የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ና፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀለሙ ከተረጨ ቢያንስ ሳምንት ይሙላው፤ አካሉን ከውስጥ በኩል በወረቀት ፕላስተር እንጨት ላይ አስረህ፣ አቧራ እንዳይነካው ካርቶን ውስጥ አድርገህ አምጣው። የሚለጠፉትን ሥዕሎች አስቀድመህ ለጥፋቸው፣ መስታወቱንና ጎማውን ግን አትግጠም።