የምንጣፍ ደብተር፦ የጁጂትሱ ሰልጣኞች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር የደረሱን አብዛኞቹ ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ፤ ብራዚሊያን ጁጂትሱ (መሬት ላይ በመያዝና በመቆለፍ የሚደረግ ትግል) የሚማር ሰው የልምምድ ማስታወሻውን እንዴት ይያዝ? ጥያቄዎቹን አሳጥረን፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

“ሁለት ወር ሙሉ ጽፌአለሁ፤ ገልጬ ሳነበው ግን ‘ዛሬ ማውንት ተማርን፣ በጣም ደከመኝ’ ከሚል በቀር ምንም የለበትም። ምን ልጻፍ?” (ተማሪ፣ ከፔዳ)

ማስታወሻሽ የሚጠቅምሽ በሚቀጥለው ቀን ምንጣፍ ላይ ከመውጣትሽ በፊት አንብበሽው አንድ ሥራ ሲሰጥሽ ነው። ለዚህ አራት ነገር ይበቃል፤ የተማርሽው ቴክኒክ በራስሽ ቃል፣ በሮል (ከአጋር ጋር በሚደረግ ነፃ ትግል) ጊዜ የተጣበቅሽበት አንድ ቦታ፣ የሠራልሽ አንድ ነገር፣ ለሚቀጥለው ቀን አንድ ጥያቄ። አንድ ገጽ ይህን ይመስላል (ማውንት አጋርሽ ከላይ ሆድሽ ላይ ተቀምጣ ስትይዝሽ ነው፤ ጂ የልምምድ ልብሱ ነው፤ ሃፍ ጋርድ ደግሞ ከሥር ሆነሽ አንድ እግሯን በእግሮችሽ መሃል ስትይዢ ነው)፦

“ማክሰኞ ጥቅምት 12፣ ማታ ከ12፡00 እስከ 1፡30፣ በጂ። የተማርነው፦ ከማውንት ሥር በክርንና በጉልበት መውጣት። ክርኖቼን ከጎድኔ አጣብቃለሁ። በቀኝ ጎኔ እዞራለሁ፤ ቀኝ እግሬ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። በቀኝ ክርኔ የአጋሬን ግራ ጉልበት እያገድኩ ዳሌዬን ወደ ኋላ አሸሻለሁ። በተከፈተው ክፍተት ቀኝ ጉልበቴ ሾልኮ ከክርኔ ጋር ይገናኛል። የተጣበቅኩበት፦ 3 ጊዜ ሞክሬ 3 ጊዜም ሳልዞር በጀርባዬ ተንጋልዬ ቀረሁ፤ ክፍተቱ አልተከፈተም። የሠራልኝ፦ በ2ኛው ዙር ሃፍ ጋርድ ድረስ መጣሁ። ጥያቄ፦ እግሮቿን በእግሮቼ ላይ ጠምጥማ ስትይዘኝ ከየት ልጀምር?”

ይህን ለመጻፍ 10 ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን በዚያው ሌሊት ሳትተኚ መጻፍ አለበት። እስከ ጠዋት ከቆየ የቴክኒኩ ስም ይቀርና እግርሽ የት እንደነበር ይጠፋል። ቤት እስክትደርሺ የምትረሺ ከሆነ ባጃጅ ውስጥ ሆነሽ የ1 ደቂቃ ድምፅ ስልክሽ ላይ ቅጂ፤ ማታ እሱን እየሰማሽ ትጽፊዋለሽ።

“ማስተራችን ጁዶ የተማረ ነው፤ ‘ጁጂ ጋታሜ’ ይላል። ስልክ ላይ የማየው ደግሞ ‘አርምባር’ ይለዋል። በየትኛው ስም ልጻፍ?” (ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

ሁለቱም አንድ ቴክኒክ ናቸው፤ እጅን ዘርግቶ ክርንን የሚቆልፈው፤ የስሙ መብዛት የመጣው ከታሪኩ ነው። ጁዶ የተማረው ጃፓናዊው ሚትሱዮ ማዬዳ በ1914 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ብራዚል ገባ፤ ቆይቶም ካርሎስ ግሬሲ የተባለ ወጣት የእሱን ትምህርት ተከታተለ፤ ከዚያ የግሬሲ ቤተሰብ በመሬት ላይ ትግሉ ላይ አተኩሮ አሳደገው። ስለዚህ ጃፓንኛው፣ ፖርቱጋልኛውና እንግሊዝኛው ተደባልቆ ቀረ። ኪሙራ የሚባለው የትከሻ ቁልፍ ለምሳሌ የሰው ስም ነው፤ ማሳሂኮ ኪሙራ በ1951 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ኤሊዮ ግሬሲን ያሸነፈው በዚያ ቁልፍ ነበር። ጁዶ ውስጥ ግን ቴክኒኩ ‘ኡዴ ጋራሚ’ ከሚባሉት ወገን ነው።

የደብተርህን የመጨረሻ 4 ገጾች ለመዝገበ ቃላት ተውና ማስተርህ የሚለውን፣ ስልክ ላይ ያየኸውን፣ አንተ የምትጠራበትን በአንድ መስመር ጎን ለጎን ጻፍ። ውስጥ ገጾቹ ላይ ማስተርህ የሚጠራበትን ብቻ ተጠቀም፤ ነገ ጥያቄ የምትጠይቀው እሱን ነውና።

ከስሙ ይልቅ የሚያሳስተው ግራና ቀኝ ነው። ፊት ለፊት ስትያያዙ የእሱ ግራ በአንተ ቀኝ በኩል ነው። “ቀኝ እጅጌውን ያዝኩ” የሚል ማስታወሻ ከሳምንት በኋላ በማን ቀኝ እንደተጻፈ አይታወቅም። ሁልጊዜ ባለቤቱን ጨምር፦ “በእኔ ቀኝ እጅ፣ የእሱን ግራ እጅጌ”። ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ሱሪ፣ ክርን፣ ዳሌ፤ እነዚህን በአማርኛ ጻፋቸው፤ እጅህ የት እንደገባ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

“በሳምንት 3 ቀን እሠራለሁ። ስንት ጊዜ ታፕ እንዳደረግኩ (ተይዤ በእጄ መታ መታ በማድረግ እንደተሸነፍኩ) እቆጥራለሁ፤ 5 ወር ሆኖኝ ቁጥሩ አልቀነሰም። ተስፋ እየቆረጥኩ ነው።” (ከአባይ ማዶ)

ተስፋ አትቁረጥ፤ የቆጠርከው ነገር ነው ያሳሳተህ። አብረውህ የሚሠሩትም እንዳንተው እየጎበዙ ነው። አዲስ ሰው የመጣ ቀን ቁጥሩ ይወርዳል፤ 20 ኪሎ የሚበልጥህ ሰው የደረሰህ ቀን ይወጣል። የታፕ ብዛት ስለ አንተ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ታፑ ከየት እንደተነሣ ግን ብዙ ይናገራል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልምምድ አንድ ታፕ ብቻ ምረጥና ከእሱ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ተመለስ። እንዲህ፦

“አርምባር፣ ከማውንት ላይ። አንድ ወደ ኋላ፦ ደረቱን ልገፋ ሁለቱን እጆቼን ቀጥ አድርጌ ዘረጋሁ። ሁለት ወደ ኋላ፦ በጀርባዬ ተንጋልዬ ነበር፤ ክብደቱ ደረቴ ላይ አርፎ ትንፋሽ አጠረኝ፤ የገፋሁትም ለዚያ ነው። ሦስት ወደ ኋላ፦ ከጎን ይዞኝ ሳለ ክርኔ ከዳሌዬ ርቆ ስለነበር ጉልበቱን በሆዴ ላይ አሳልፎ ማውንት ገባ።”

እጅህ የተያዘው መጨረሻ ላይ ነው፤ ስህተቱ ግን ክርንህ ከዳሌህ የራቀ ጊዜ ተጀምሯል። የአርምባር መከላከያ ብቻ ብትለማመድ እጅህን ታተርፍ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዙር ግን ከዚያው ማውንት ሥር በአንገትህ ትያዛለህ። ሦስተኛው መስመር ላይ የተጻፈው ነው የሚቀጥለው ሳምንት ሥራህ፦ ከጎን ስትያዝ ክርንና ጉልበትህን ማገናኘት። አጋርህን “3 ደቂቃ ከጎን ይዘህ ጀምር፤ ማውንት ከገባህ ወይም ከወጣሁ እንደገና እንጀምራለን” በለው። በ3 ደቂቃ ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ ትሞክረዋለህ፤ በተለመደው ሮል አንዴም ላይደርስህ ይችላል።

ሦስቱን እርምጃ የማታስታውስ ከሆነ፣ ብዙ ጀማሪም አያስታውስም፣ ዙሩ እንዳለቀ የያዘህን ሰው “ከየት ነው የጀመርከው?” ብለህ ጠይቀው። የያዘው ሰው ከተያዘው በተሻለ ያስታውሳል።

ቁጥር መያዝ ካስደሰተህ ደግሞ ቦታን ቁጠር። በዓለም አቀፉ የብራዚሊያን ጁጂትሱ ፌዴሬሽን ሕግ መጣል 2፣ ስዊፕ (ከሥር ሆኖ ገልብጦ ከላይ መውጣት) 2፣ ጉልበት በሆድ 2፣ ጋርድ (ከሥር ያለው ሰው በእግሮቹ የሚከላከልበትን) ማለፍ 3፣ ማውንትና ጀርባ መያዝ እያንዳንዳቸው 4 ነጥብ ናቸው። አንዴም ታፕ ባላደረግክበት ዙር ጋርድህ ሁለቴ ታልፎ ማውንት አንዴ ከተወሰደብህ 10 ነጥብ ተቆጥሮብሃል። በተቃራኒው ሁለቴ ታፕ አድርገህ ጋርድህ አንዴም ያልታለፈበት ዙር ትልቅ እድገት ሊሆን ይችላል። እስካሁን በያዝከው ቆጠራ ይህ እድገት አይታይም።

“ያሠለጠነን ሰው ከከተማ ወጣ። አሁን ሦስት ልጆች ሆነን ከቪዲዮ እያየን እንሠራለን። ደብተሩ አሰልጣኝ ይተካል?” (ከፋሲሎ)

አይተካም፤ መበታተንን ግን ይከላከላል። ከቪዲዮ የሚማሩ ሰዎች ትልቁ ችግር በየቀኑ አዲስ ነገር መጀመር ነው። በአንድ ገጽ አናት ላይ አንድ ቦታና አንድ መውጫ ጻፉ፤ 3 ሳምንት ሌላ ቪዲዮ አትክፈቱ። በየቀኑ “የት ላይ ተበላሸ?” የሚለውን ብቻ ሙሉና ከዚያ ተመልሳችሁ ያንኑ ቪዲዮ እዩት፤ መጀመሪያ ያላያችሁትን የእግር አቀማመጥ ያኔ ታዩታላችሁ።

አንድ ነገር በቀይ እስክሪብቶ ጻፉ፦ ሂል ሁክ የሚባለውን፣ ተረከዝ ይዞ ጉልበት የሚያጣምመውን ቁልፍ፣ ያለ አሰልጣኝ አትሞክሩ። በጂ ውድድር ለማንም ቀበቶ አይፈቀድም። አርምባር ላይ ክርን ቀድሞ ያማል፤ ታፕ ለማድረግ ጊዜ ይሰጣል። ሂል ሁክ ላይ ግን ሕመሙ ሳይሰማ የጉልበት ጅማት ሊበጠስ ይችላል።

“47 ዓመቴ ነው፤ እጾማለሁ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ቆይቼ 12 ሰዓት ላይ ልምምድ እገባለሁ። ስለ ሰውነቴ ምን ምን ልመዝግብ?” (ከጣና ክፍለ ከተማ)

አራት ነገር ይመዝግቡ። የተኙበት ሰዓት፤ ከልምምድ በፊትና በኋላ ያለ ልብስ ክብደትዎ፤ የሚያምዎ መገጣጠሚያ፤ ልምምዱ ምን ያህል እንደከበደዎ ከ10 ስንት እንደሆነ። የመጨረሻውን በደቂቃው ያባዙት፤ 90 ደቂቃ በ7 ከሆነ 630 ይጻፉ። የሳምንቱን ድምር ካለፈው ሳምንት ጋር ያስተያዩ። ድምሩ በድንገት ዘሎ በዚያው ሰሞን እንቅልፍዎ ካነሰ፣ በሚቀጥለው ቀን ቴክኒክ ብቻ ሠርተው ከሮሉ ይቅሩ። በእርስዎ ዕድሜ ጣትና አንገት ቶሎ አያገግሙም።

የሰውነት ክብደትዎን በተመለከተ፣ በአንድ ልምምድ የጎደለ 1 ኪሎ ማለት በግምት 1 ሊትር ላብ ነው። ማታውን እስኪተኙ ከጎደለው ትንሽ በለጥ አድርገው፣ ለ1 ኪሎ እስከ 1 ሊትር ተኩል፣ ቀስ በቀስ ይጠጡ። በ9 ሰዓት ከጾም ሲወጡ ሆድ የሚሞላ ማዕድ አይብሉ፤ ሽሮ በጥቂት እንጀራና ውኃ ይበቃል፤ ዋናው ምግብ ከልምምድ በኋላ ይሁን፤ ምስርና ባቄላው ያኔ ይብዛ። በረመዳን ጀንበር እስክትጠልቅ ውኃም ስለማይጠጣ፣ ለሚጾሙ አጋሮችዎ ከባዱ ሮል ከማፍጠሪያ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

ከቆላ አካባቢ በቅርቡ የመጣ አጋር ካለዎት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ትንፋሽ ቢያጥረው አይፍረዱበት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እሱም ይህን በማስታወሻው ቢይዝ ደካማ ነኝ ብሎ አያቆምም።

“ክርኔ አጠገብ ዳሩ የቀላ ክብ ነገር ወጣ። ይህም ይጻፋል?” (ከግሽ ዓባይ)

ይጻፋል፤ በመጀመሪያ ግን ከምንጣፉ ውረጂ። ዳሩ ቀልቶ የሚላጥ፣ መሃሉ የነጣ ክብ ብዙውን ጊዜ ጭርት ነው፤ ከቆዳ ወደ ቆዳና ከምንጣፍ ይተላለፋል። የታየበትን ቀን፣ ቦታውን፣ ስፋቱን በእስክሪብቶ ክዳን ለክተሽ ጻፊ። ክሎትሪማዞል ቅባት በቀን 2 ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል፤ ቁስሉ ቢጠፋም ቶሎ አይቋረጥም። የስቴሮይድ ቅባት እንዳትቀቢ፤ መቅላቱን ይደብቅና ፈንገሱ ከሥሩ ይስፋፋል። በሁለት ሳምንት ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ራስ ቅል ላይ ከወጣ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ የራስ ቅሉ በቅባት አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል።

በክረምት ይህ የሚበዛው ጂ ስለማይደርቅ ነው። ሐምሌ ላይ ወፍራም ጂ ውጭ ተሰጥቶ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። በዚያው ሌሊት እጠቢው፤ ቤት ውስጥ ነፋስ በሚያገኝበት እጅጌውን በእንጨት ዘርግተሽ ስቀይው፤ ካልደረቀ አትልበሽው። ደብተርሽ ላይ ከቀኑ ጎን “ጂ ታጥቧል” ብለሽ ምልክት አድርጊ። ሦስት ሰው በአንድ ሰሞን ክብ ካወጣ፣ ምንጣፉ የሚታጠብበትን ፕሮግራም ማየት ያስፈልጋል።

“ደብተር ይሻላል ወይስ ስልክ?” (ከዘጌ)

ባለ 50 ሉክ ደብተር። ሥዕል ይሣልበታል፤ ሁለት የእንጨት ሰው ሥለህ ክርኑን በቀስት ማሳየት ከአምስት መስመር ጽሑፍ ይበልጣል። ከእርጥብ ጂ ጋር በአንድ ቦርሳ አትክተተው፤ በፌስታል ጠቅልለው።

“አጋሬ በጉልበት ብቻ ነው የሚሠራው። ስሙን ጠቅሼ ብጽፍስ?” (ከፔዳ)

ስሙን ተወው፤ “ከባድ፣ የሚገፋ፣ ኮሌታ አጥብቆ የሚይዝ” ብለህ ጻፍ። ደብተሩ ምንጣፍ ዳር ይረሳል፤ አንድ ሰው ይከፍተዋል። ቴክኒኩም የሚጠቅምህ እንደዚያ ባለ ሰው ሁሉ ላይ ነው።

“እጽፋለሁ፤ ግን ወደ ኋላ ተመልሼ አላነብም።” (ከአባይ ማዶ፣ ሁለት ሰዎች)

በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት ቢሆን ይመቻል፣ 20 ደቂቃ ስጡት። “የተጣበቅኩበት” የሚለውን ብቻ ከገጽ ገጽ አንብቡና ሦስት ጊዜ የተደጋገመውን ክበቡት። ሌላው ሁሉ ይቆይ። የተከበበውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥያቄ አድርጋችሁ በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ ጻፉት፤ “ከማውንት ሥር እንዴት ልውጣ?” ሰፊ ነው፤ “ስዞር ኮሌታዬን ይዞ ወደ ጀርባዬ ሲመልሰኝ የትኛውን እጅ ላስለቅቅ?” ይመለሳል። ማስተራችሁን ልብስ ስትቀይሩ፣ ልምምዱ ሳይጀመር ጠይቁት፤ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ይቸኩላል፤ መልሱንም በዚያው ማታ ለመሞከር ጊዜ አይኖራችሁም።