መልስ፦ አፑ «በ5 ሳምንት ይህን ያህል ትመዝናለህ» ሲል ልመነው ወይ?

ወንድሜ፣ የምትበላውን እየመዘገበ ካሎሪ የሚቆጥርልህ አፕ፣ ማይፊትነስፓል፣ የቀኑን መዝገብ ስትዘጋ «ሁሉም ቀን እንደ ዛሬ ቢሆን» ብሎ የሚያሳይህን ኪሎ ልመነው ወይ ብለሃል። እንደ ትንቢት አትየው። የአንድ ቀን ስሌት ነው። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይሆናል፣ ሰውነትህ ግን እየቀነሰ ሲሄድ የሚያቃጥለውም አብሮ ይቀንሳል፤ ጨው የበዛበት ምግብ በበላህ ማግስት ደግሞ ውሃው ብቻ ሚዛኑን ከፍ ያደርገዋል።

እኛ ዘንድ ትልቁ ስህተት አመዘጋገቡ ላይ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፤ ከቤተሰብ ጋር ከአንድ ትሪ ስበላ ስንት ጉርሻ እንደገባ በምን ልቁጠረው? አፑ «1 እንጀራ» ሲል የእናቴን ምጣድ ስፋት አያውቅም። አንድ ቀን እንጀራዋን አጣጥፌ በትንሿ የኩሽና ሚዛን መዘንኳት፣ ከዚያ ወዲህ በግራም ነው የምመዘግበው። የሽሮውን ዘይትም እንዳትረሳ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ ነው።

ያበረታታል ወይ ላልከው፣ መጀመሪያ በጣም አበረታቶኛል። በሁዳዴ ያየሁትን ቁጥር ከፋሲካ በኋላ ሳጣው ግን ተስፋ ቆረጥኩ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሳልበላ እመዘንና የ7 ቀኑን አማካይ ካለፈው ሳምንት ጋር አስተያያለሁ። 3 ሳምንት ሞክረውና እንዴት እንደሆነልህ ንገረኝ።